የቆየ ፒክአፕ አልነሳ ሲል ወይም ሚኒሞ ላይ ሲንቀጠቀጥ ችግሩን ደረጃ በደረጃ ማግኛ

ማስነሻው ሞተሪኖ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይይዝም። ወይም ይነሳና ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ተንቀጥቅጦ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር ነው። አንዱን ብሎን ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል፤ በመጨረሻ የመጀመሪያው ችግር ሳይፈታ ሁለተኛ ችግር ይጨምራል። ካርቡሬተር ይወቀሳል እንጂ በእንዲህ ያለ መኪና ላይ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ቤንዚኑን በሚያቀጣጥለው የካንዴላ እሳት ላይ ወይም አየር በሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ ካርቡሬተሩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ብሎኖቹን አይንኩ።

የምንነጋገረው ካርቡሬተርና ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍል ዕቃ) ስላለው የቤንዚን ሞተር ነው። ናፍጣ ሞተር በካንዴላ እሳት ስለማይሠራ መንገዱ ሌላ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ቮልትና ኦም የሚለካ ቴስተር፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች፣ ባለ 12 ቮልት የመሞከሪያ አምፖልና የእሳት መሞከሪያ ያስፈልግዎታል። ታይሚንግ ላይት (እሳቱ የሚተኮስበትን ጊዜ፣ ማለትም ታይሚንጉን፣ የሚያሳይ መብራት)፣ የቫኪዩም ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካ) እና የኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያ ከሰው ተውሰውም ቢሆን ቢያገኙ ሥራው በግማሽ ይቀልላል።

መኪናውን ደጅ ያውጡት፤ የጭስ ማውጫው ጋዝ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይገድላል። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ ሰፊ እጅጌና ሻርፕ ከፋኑ ያርቁ። የእሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ይኑር። የባትሪውን ቮልት ለካንዴላው ከፍ የሚያደርገው ኮይል የሚያወጣው ቮልት ቀላል አይደለም፤ በድሮው አሠራር 20,000 ቮልት አካባቢ ነው፣ በኤሌክትሮኒክ ደግሞ ከ30,000 ሊያልፍ ይችላል። ልቡ ላይ የምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰው ጨርሶ አይጠጋ።

ሌላው ትልቁ ነገር፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይንኩ። ነክተው ይሞክሩ፣ ያዩትንም ይጻፉ። ካንዴላ፣ ገመድና ኮይል በአንድ ቀን ከተቀየሩ መኪናው ቢስተካከል እንኳ የትኛው እንደነበረ አይታወቅም። ካልተስተካከለ ደግሞ አዲሱ ዕቃ ራሱ ብልሽት ይኖረው ይሆን የሚል ሌላ ጥርጣሬ ይመጣል።

1. መቼ እንደሚያስቸግር ይለዩ

መፍቻ ከማንሳትዎ በፊት መኪናውን ያዳምጡት። ይህ ደረጃ ምንም አያስወጣም፣ የሚያሳጥረው መንገድ ግን ብዙ ነው።

ቁልፉን ይዘው ሲያዞሩ ሞተሩ ይይዝና ቁልፉን ሲለቁት እዚያው ከጠፋ፣ ቀጥታ ወደ ኮይሉ ሬዚስተር ይሂዱ፤ ከታች ደረጃ 3 ላይ አለ። ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳንና ገመዶቹን ይጠርጥሩ። ሲሞቅ እየጠፋ፣ ቆሞ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ከሆነ ኮይሉ ወይም የኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ሞጁሉ ነው ቀድሞ የሚታየው። ዳገት ላይ ወይም ጭኖ ሲረገጥ ብቻ እሳት የሚስት ከሆነ ካንዴላና ገመድ።

ሚኒሞ ላይ ተንቀጥቅጦ ፍጥነት ሲይዝ ደህና የሚሆነውስ? እሱ የአየር ስርቆት ምልክት ነው። ሚኒሞ ላይ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ጥቂት ነው፤ በስንጥቅ የሚገባው ትንሽ አየር ድብልቁን ለማሳሳት ይበቃል። ሲረግጡት ግን ብዙ አየር ስለሚገባ የስንጥቁ ድርሻ አይታወቅም።

2. ባትሪና ማሳ

ጥቂት ሰዓት የቆመ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሽ ያህሉ አልቋል። አሁን ሰው ቁልፉን ያዙርልዎ፣ እርስዎ ቴስተሩን ይመልከቱ። ሞተሪኖው እየዞረ ከ9.6 በታች ከወረደ ሌላ ምርመራ አይጀምሩ፤ ባትሪውን ይሙሉ ወይም ይለውጡ። ሞተሪኖው ኮረንቲውን ሲውጠው ለኮይሉ የሚተርፍ ስለማይኖር ያልተበላሸ እሳት የተበላሸ ይመስላል።

ማሳውንም፣ ማለትም የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘውን መስመር፣ ይለኩ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ያድርጉ፤ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ከባትሪው የወጣው የእርሳስ ጉብታ ራሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ የሞተሩ ብሎክ ላይ፣ ንጹህ ብረት ፈልገው ይንኩ። ሞተሪኖው ሲዞር ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ደክሟል። ገመዱን ፈትተው መቀመጫውን ብረቱ እስኪያበራ ይሞርዱና መልሰው ያጥብቁ። በቆየ መኪና ላይ ይህቺ ሥራ ብቻዋን ስንቱን እንደምትፈታ ብዙ ሰው አያምንም።

3. እሳት አለ ወይ?

የእሳት መሞከሪያውን በአንድ የካንዴላ ገመድና በማሳ መካከል ያስገቡ። ከሌለ አሮጌ ካንዴላ ገመዱ ላይ ሰክተው አካሉን በገመድ ከብሎኩ ጋር አጥብቀው ያገናኙት። በእጅ አይያዝም። ቤንዚን የፈሰሰበትም ቦታ አጠገብ አይሞከርም።

ሞተሪኖው ሲዞር ሰማያዊ ወይም ነጭ፣ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ጠንካራ ብልጭታ ከታየ ጥሩ ነው። ቀጭን፣ ቢጫ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እሳቱ ደክሟል፤ በባዶ አየር ላይ ቢታይም ሲሊንደር ውስጥ ባለው ግፊት አይቋቋምም።

ካንዴላው ላይ እሳት ከሌለ፣ ከኮይሉ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ መሃል የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ነቅለው በዚያው መንገድ ይሞክሩት። እዚያ ደህና እሳት ካለ ጥፋቱ ከኮይሉ ወዲህ ነው፤ ክዳን፣ ሮተር (ክዳኑ ሥር እየዞረ እሳቱን የሚያድለው) ወይም ገመድ፤ ወደ ደረጃ 4 ይለፉ። እዚያም ከሌለ ደግሞ ጥፋቱ ያለው በዝቅተኛው ቮልት በኩል ነው።

ዝቅተኛውን በኩል ለመፈተሽ የመሞከሪያ አምፖሉን በኮይሉ ኔጋቲቭና በማሳ መካከል ያገናኙ፣ ከዚያ ሞተሪኖውን ያዙሩ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ካለ ኮረንቲው በትክክል እየተቆረጠ ነው፤ ኮይሉን ይጠርጥሩ። ሳይጠፋ ዝም ብሎ ከበራ ፑንቲናው (የኮይሉን ኮረንቲ እየከፈተና እየዘጋ የሚቆራርጠው) አይገጥምም፣ ወይም በኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን የፑንቲናን ሥራ የሚሠራው ሞጁል አይሠራም። ጨርሶ ካልበራ የኮይሉን ፖዚቲቭ ይለኩ። እዚያ ኃይል ካለ ወይ ኮይሉ ውስጡ ተበጥሷል፣ ወይ ፑንቲናው አልከፈት ብሏል፣ ወይ ኮንደንሰሩ (ፑንቲናው ሲከፈት እንዳይቃጠል የሚከላከለው ትንሽ ዕቃ) ከማሳ ጋር ተገናኝቷል። ኃይል ከሌለ ወደ ቁልፉና ወደ ፊውዙ ይመለሱ።

ፑንቲና ባላቸው ብዙ መኪኖች ኮይሉ በሬዚስተር በኩል ነው ኃይል የሚያገኘው። ሞተሪኖው ሲዞር ሙሉ የባትሪ ቮልት በሌላ መንገድ ይደርሰዋል፤ ሞተሩ ሲነሳና ቁልፉ ሲመለስ ግን በሬዚስተሩ በኩል ከ6 እስከ 9 ቮልት አካባቢ ይቀበላል። ሬዚስተሩ ከተበጠሰ ሞተሩ ቁልፉ ሲዞር ይይዛል፣ ሲለቀቅ ይጠፋል። ሬዚስተሩን በሽቦ ዘሎ ማለፍ ለሙከራ ብቻ ነው። በዚያው የሚነዳ ሰው ኮይሉንና ፑንቲናውን ያቃጥላል።

ኮይሉን በኦም ሲለኩ ገመዶቹን ነቅለው ነው። በሁለቱ ትንንሽ ጫፎች መካከል በሬዚስተር ለሚሠራ ኮይል 1.5 ኦም፣ ያለ ሬዚስተር ለሚሠራ 3 ኦም አካባቢ ነው። ከፖዚቲቭ እስከ መሃሉ ትልቅ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ6,000 እስከ 15,000 ኦም ይገኛል። ሲሞቅ የሚጠፋ መኪና ከሆነ ደግሞ ኮይሉን እንደሞቀ ይለኩት። ሲቀዘቅዝ ጥሩ ቁጥር ማሳየቱ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

4. ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ

እዚህ ጊዜ ይውሰዱ። ብዙው ሚስጥር እዚህ ነው ያለው።

ክዳኑን ከማንሳትዎ በፊት እያንዳንዱን ገመድ በፕላስተር ቁጥር ይስጡት፣ ፎቶም ያንሱ። ብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች በ1-3-4-2 ቅደም ተከተል ይተኩሳሉ፣ በመስመር የተደረደሩ ስድስት ሲሊንደሮች በ1-5-3-6-2-4። የእርስዎ ሞተር ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ቱቦ) ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር ባለው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሁለት ገመዶች ከተለዋወጡ ሞተሩ በካርቡሬተሩ ያስነጥሳል፣ በማርሚታው ይተኩሳል፣ ወይም ጨርሶ አይነሳም።

ክዳኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ውስጡን ወደ ብርሃን ያዙሩት። የሚፈልጉት በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ነው፤ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ወይም ወደ ክዳኑ ጠርዝ ይሄዳል። ይህ ቆሻሻ አይደለም። ብልጭታው ፕላስቲኩን አቃጥሎ የሠራው የካርቦን መንገድ ነው፣ ኮረንቲም ያስተላልፋል። ቢጠርጉትም ይመለሳል፤ ክዳኑ ይለወጥ። መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ካርቦን በጣት ይንኳት። ተጭና መመለስ አለባት። ገመዶቹ የሚሰኩባቸው ቀዳዳዎች ውስጥ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዝገት ካለ የዚያን ሲሊንደር እሳት የሚሰርቀው እሱ ነው።

ሮተሩን አንስተው ገልብጡት። ጫፉ ተቃጥሎ ካጠረ ወይም ከሥሩ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ካለው እሳቱ በዚያ በኩል ወደ ዘንጉ እየወረደ ነው። ሮተሩን መልሰው ወደሚዞርበት አቅጣጫ ትንሽ ጠምዝዘው ይልቀቁት። በስፕሪንግ ኃይል መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ታይሚንጉን ከፍጥነት ጋር የሚያስኬዱት ክብደቶች ተጣብቀዋል።

ፑንቲናው የሚከፍትበት ክፍተት በአብዛኞቹ ሞተሮች ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለካው ዘንጉ ላይ ያለው ጉብታ ፑንቲናውን እስከ መጨረሻ ሲከፍተው ነው። በዱዌል (ፑንቲናው ተዘግቶ የሚቆይበት ዲግሪ) መለኪያ ከሆነ ለአራት ሲሊንደር 50 ዲግሪ፣ ለስድስት 38፣ ለስምንት 30 አካባቢ ይመጣል። ጉብታው ላይ የሚሻሸው ፕላስቲክ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠባል፣ ታይሚንጉም አብሮት ወደ ኋላ ይቀራል። ፑንቲናው ፊቱ ላይ አንድ በኩል ጉድጓድ፣ ሌላ በኩል ጉብታ ከሠራ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ከተቃጠለ ከኮንደንሰሩ ጋር አብሮ ይለወጥ።

በመጨረሻ ዘንጉን ይዘው ወደ ጎን ይግፉት። የሚወዛወዝ ከሆነ ቡሽው (ዘንጉ የሚዞርበት መቀመጫ) አልቋል። ክፍተቱ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ይለያያል፤ የቱንም ያህል ቢያስተካክሉት አይረጋም።

የገመዶቹን ስርቆት ለማየት ጨለማ ይጠብቁ። ሞተሩን አስነስተው መብራት አጥፍተው ኮፈኑ ሥር ይመልከቱ። የተሰነጠቀ ገመድ ሰማያዊ ብልጭታ ወደ ብረቱ ሲተፋ በዓይን ይታያል። ካልታየ በማርከፊያ በጣም ስስ ውሃ ገመዶቹ ላይ ይንፉና ያዳምጡ፤ ያኔም እጅዎ ምንም አይንካ። ቪ-8 ሞተር ከሆነ ጎን ለጎን ያሉ፣ ተከታትለውም የሚተኩሱ ሁለት ሲሊንደሮች ገመዶቻቸው ተጣብቀው እንዳይሄዱ ያራርቋቸው።

5. ካንዴላዎቹን ያንብቡ

ካንዴላዎቹን ነቅለው በተነቀሉበት ተራ ይደርድሯቸው። ቡናማ ወይም ግራጫ የሆነ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት የያዘ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም እሳቱ ደካማ ነው። ዘይት ያረጠበው ከፒስተን ቀለበት ወይም ከቫልቭ መምሪያ ዘይት ያልፍበታል። ነጭ ሆኖ የተላጠ ድብልቁ ሳስቶበታል ወይም ታይሚንጉ ቀድሟል። ቤንዚን ያረጠበው ደግሞ ጨርሶ አልተኮሰም።

ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ችግሩ የጋራ ነው። አንዱ ብቻ ከተለየ የዚያን ሲሊንደር ገመድ፣ ካንዴላና ኮምፕሬሽን ነው የሚከተሉት። ይህን መለየት ካንዴላ ከመግዛት ይቀድማል። የካንዴላዎቹ ክፍተት ፑንቲና ላለው ሞተር ብዙ ጊዜ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለኤሌክትሮኒክ ከዚያ ይሰፋል፤ የአምራቹን ቁጥር ይከተሉ።

6. የትኛው ሲሊንደር ነው የማይሠራው?

ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ እጀታው ኮረንቲ በማያስተላልፍ ፒንሳ አንድ ገመድ ይንቀሉና ማሳ ያስይዙት፣ ድምፁን ሰምተው ይመልሱት። ሞተሩ ከወረደና ይበልጥ ከተንቀጠቀጠ ያ ሲሊንደር እየሠራ ነበር። ምንም ካልተለወጠ ያገኙት እሱን ነው። ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) ያለው መኪና ላይ ይህን ቶሎ ቶሎ ይጨርሱ፤ ያልነደደው ቤንዚን ካታሊስቱን ያጋግለዋል።

አሁን የዚያን ሲሊንደር ካንዴላ ከደህናው ጋር ይለዋውጡ። ችግሩ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ነው። ካልሄደ ርዝመቱ ከበቃ ገመዱን ለዋውጠው ይድገሙት። ሁለቱም ካልሆኑ ወደ ኮምፕሬሽን።

7. ታይሚንግ

የቫኪዩም አድቫንሱን (በሞተሩ ስበት ታይሚንጉን የሚያስቀድመውን ዕቃ) ቱቦ ነቅለው አፉን ይድፈኑት፣ ሞተሩ ይሙቅ፣ ሚኒሞው በአምራቹ ልክ ይሁን። ከዚያ ታይሚንግ ላይቱን ያብሩ። ትክክለኛው ዲግሪ ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ ከወረቀቱ ይውሰዱት እንጂ በጆሮ አይገምቱ። ምልክቱ ወዲያና ወዲህ የሚዘል ከሆነ ዘንጉ ወይም ፑንቲናው ነው። ከፍ አድርገው ሲረግጡ ምልክቱ መቅደም አለበት። የተነቀለውን ቱቦ በአፍ ቢስቡት ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ሳህን ይንቀሳቀሳል፣ ምላስዎን ሲደፍኑበትም ባለበት ይቆያል። አየር እንዲሁ የሚያልፍ ከሆነ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን (ዲያፍራሙ) ተቀድዷል። ያኔ ራሱ ቀዳዳ ነው፤ አየር ያስገባል።

ፑንቲና ከነኩ ታይሚንጉን እንደገና ይለኩ። ታይሚንግ ነክተው ፑንቲና ማስተካከል ግን የተሠራን ሥራ ማፍረስ ነው።

8. የአየር ስርቆት

ሚኒሞ ላይ ብቻ ለሚንቀጠቀጥ ሞተር ዋናው ደረጃ ይህ ነው። መጀመሪያ በዓይንና በእጅ ይጀምሩ። የጎማ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ እጥፍ አድርገው ይዩ። ከላይ ደህና የመሰለ ጎማ ሲታጠፍ ስንጥቁን ያሳያል። በተለይ ጫፉ ላይ፣ ሙቀት የሚያገኘው ቦታ።

ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ቱቦዎቹን በየተራ በፒንሳ ቆንጠጥ ያድርጉ። የፍሬን ሰርቮውን (ፍሬን መርገጡን የሚያቀልለውን) ወፍራም ቱቦ ሲቆነጥጡ ሚኒሞው ከተስተካከለ ሰርቮው እያስገባ ነው፤ ይህ የፍሬንም ጉዳይ ስለሆነ አይደር። የክራንክኬዙን (የሞተሩን የታችኛ ክፍል) ጋዝ የሚመልሰውን ፒሲቪ ቫልቭ ነቅለው ያንቃጭሉት። ውስጡ ያለችው ነገር ካልተሰማች ተጣብቋል።

የካርቡሬተሩን ሥርና የኢንቴክ ማኒፎልዱን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ለመፈተሽ ውሃ በማርከፊያ መገጣጠሚያው ላይ ይርጩ፤ ዲስትሪቢዩተሩን ግን ይጠብቁት። ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። የካርቡሬተር ማጽጃ የሚረጩ አሉ፣ በግልጽም ያሳያል፤ የጋለ ብረትና የሚሰርቅ ገመድ ባለበት ቦታ ግን እሳት ያስነሳል። እኔ ውሃውን ነው የምመርጠው።

የቫኪዩም ጌጅ ካለ ከማኒፎልዱ ጋር ያገናኙት። በባሕር ጠለል ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል፣ መርፌውም አይንቀሳቀስም። በየ300 ሜትር ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሱ፤ ደጋ ላይ ያለ ሰው 14 አይቶ መደንገጥ የለበትም። ዝቅ ብሎ የረጋ መርፌ የአየር ስርቆት ወይም የዘገየ ታይሚንግ ነው። በእኩል ጊዜ ልዩነት እየወደቀ የሚመለስ መርፌ አንድ ቫልቭ አይዘጋም ይላል።

ኢጂአር ቫልቭ (ከተቃጠለው ጋዝ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልስ) ካለው እሱንም ይዩት። በካርቦን ተይዞ ክፍት ከቀረ የተቃጠለ ጋዝ ሚኒሞ ላይ ስለሚገባ ሞተሩን ያንቀዋል።

9. ኮምፕሬሽን

ሞተሩ ይሙቅ። ካንዴላዎቹ ሁሉ ይነቀሉ፣ የኮይሉ ኃይል ይቋረጥ፣ ነዳጅ መርገጫው እስከ መጨረሻ ይረገጥ። መለኪያው መውጣት እስኪያቆም ሞተሪኖውን ያዙሩ። ከቁጥሩ ትልቅነት በላይ የሚታየው መቀራረቡ ነው፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች መሆን የለበትም። በወረደው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ይድገሙት። ከጨመረ የፒስተን ቀለበት፣ ባለበት ከቀረ ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን) ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል።

ቫልቭ ሆኖ ከተገኘ ቴስታታ ከማውረድዎ በፊት የቫልቭ ክፍተቱን ይለኩ። ጠብቦ ቫልቩን ከመዝጋት የከለከለው ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱ በቁልፍና በካቻቢቴ የሚስተካከል ነገር ነው።

10. አሁን ካርቡሬተሩ

እሳቱ ደህና፣ ታይሚንጉ በልኩ፣ ስርቆት የለም፣ ኮምፕሬሽኑ ተቀራራቢ። አሁን ብሎኖቹን መንካት ይቻላል።

በቅድሚያ ቁልፉን ከፍተው የሚኒሞውን ሶሌኖይድ (ነዳጁን በኮረንቲ የሚከፍት ቫልቭ)፣ ካለው፣ ገመዱን ነቅለው መልሰው ይንኩ፤ «ጠቅ» ማለት አለበት። ካላለ የሚኒሞው ነዳጅ ተዘግቷል። ቾኩ (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ አየሩን የሚያጠበው ክዳን) ሞተሩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ያረጋግጡ። የነዳጅና የአየር ፊልትሮዎቹን ይዩ።

የድብልቁን ብሎን አሁን ያለበትን ቦታ ለማወቅ እየቆጠሩ በቀስታ ወደ ውስጥ ያዙሩት። ሲነካ ያቁሙ። ካጠበቁት የመርፌው ጫፍ ይበላሻል። ከዚያ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ዙር ይመልሱት፣ ሞተሩን አስነስተው ያሙቁት። በሩብ ዙር እያንቀሳቀሱ ሞተሩ ከፍ ብሎ ጸጥ የሚልበትን ቦታ ይፈልጉ። ፍጥነቱን በሌላኛው ብሎን ወደ አምራቹ ልክ ያውርዱ፤ ለብዙዎቹ ከ600 እስከ 850 ዙር በደቂቃ ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ ድብልቁ ትንሽ ስለሚለወጥ ሁለቱን እየተመላለሱ ይድገሙ። የድብልቁ ብሎን ቢዞርም ሞተሩ ምንም ካልተሰማው የሚኒሞው ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ያኔ ካርቡሬተሩ ወርዶ ይታጠባል።

መጨረሻ ላይ ትልቁን መብራት አብርተው፣ ሞተሩ በሙሉ ሙቀቱ ላይ እያለ ሚኒሞውን ያዳምጡ። ከዚያ ነድተውት አሥር ደቂቃ ያቁሙትና ሙቁን ያስነሱት። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ቀዝቃዛውን።